ሰውን በወጉ ማመስገን፦ ለመምህራን፣ ለርዕሰ መምህራንና ለቡድን መሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ሰኔ 30 ደርሶ ካርድ ሲታደል፣ የበጀት ዓመቱም ሲዘጋ፣ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የምስጋና ወረቀት ይታተማል። ስም ይጠራል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል። በማግስቱ ግን ብዙ ሰው ቅር ብሎት ታገኙታላችሁ። ስሙ ያልተጠራው ተቀይሟል። የተጠራውም ቢሆን «ለምን እንደሸለሙኝ አልገባኝም» ይላል።

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት ይህ በየዓመቱ ይደጋገማል። አለቆቹና መምህራኑ ክፉ ሆነው አይደለም። ምስጋናው የሚበላሸው አሠራሩ ላይ ነው። ዓመት ሙሉ ተጠራቅሞ ይመጣል፣ ሰውየው ምን እንደሠራ አይናገርም፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩት። በጀት አይጠይቅም። አንድ ደብተርና በሳምንት ግማሽ ሰዓት ይበቃችኋል።

## ደረጃ 1፦ ደብተሩን አዘጋጁ

1. ባለ 50 ሉክ ደብተር ያዙ። በስልክ ማስታወሻ መያዝ ይቻላል፤ ግን ስልክ ይጠፋል፣ ይቀየራል። ደብተር ይሻላል።

2. የሁሉንም ሰው ስም ጻፉ። መምህር ከሆናችሁ ከሮስተሩ ገልብጡ። ቢሮ ወይም ፋብሪካ ከሆነ ከፔሮሉ ገልብጡ።

3. ፔሮሉ ላይ የሌሉትን በእጃችሁ ጨምሩ። በኤጀንሲ የተቀጠረውን ጥበቃ፣ ጽዳት ሠራተኛዋን፣ ሻይ ቤት የሚሠሩትን፣ የኮንትራት ሠራተኞችን አትርሱ። ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። እነዚህ ሰዎች ዓመት ሙሉ ሳይመሰገኑ የሚከርሙትም ስማቸው ከዝርዝሩ ስለሌለ ነው።

4. ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ያየሁት ሥራ፣ ቀኑ፣ ነገርኩት ወይስ አልነገርኩትም።

5. አሁን ከመስከረም ወዲህ ማንን በምን እንዳመሰገናችሁ ከማስታወሻችሁ ሙሉ። የማታስታውሱትን ባዶ ተዉት። «አመስግኜው ይሆናል» ካላችሁ አላመሰገናችሁትም።

ባዶ የቀሩትን ስሞች ተመልከቱ። በክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ የሚሆኑት መሐል ላይ ያሉት ተማሪዎች ናቸው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጣው ይሸለማል፤ የሚረብሸው ስሙ በየቀኑ ይጠራል። 20ኛ የወጣችውን ዝምተኛ ልጅ ግን ማንም አያነሳትም። በመሥሪያ ቤት ደግሞ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሰው፣ የላብራቶሪ ቴክኒሺያኑና የማታው ሽፍት ባዶ ይሆናሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ደብተር ላይ ጥፋት አትመዝግቡ። አንድ ጊዜ «አርፍዶ መጣ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደብተሩ ሌላ ነገር ሆነ። ሰው ካየው ይፈራዋል። ለጥፋት ሌላ መዝገብ አለ።

## ደረጃ 2፦ በዓይናችሁ እዩ

በየሳምንቱ ሰኞ ከባዶዎቹ ስሞች አምስት ምረጡ። በዚያ ሳምንት እነዚህን አምስት ሰዎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከአምስት በላይ አትያዙ፤ ይበተንባችኋል።

የት መፈለግ እንዳለባችሁ ካላወቃችሁ ከዚህ ጀምሩ።

በትምህርት ቤት፦ በመንዝም ሆነ በመርሐ ቤቴ ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ በወረዳው ከተማ ቤት ተከራይተው ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ልጆች አሉ። ዓርብ ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው በእግር ይመለሳሉ። ሰኞ አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ቦታው ላይ ተገኝቶ ደብተሩን የከፈተ ልጅ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ሮስተር ላይ ግን «ተገኝቷል» ከሚለው ምልክት በቀር አይታይም። ለቀረ ጓደኛው ኖት የሚሰጠውን እዩ። በሒሳብ ከ35 ወደ 48 የወጣችውን እዩ። 48 ማለፊያ ባይሆንም 13 ነጥብ ከየትም አልመጣም።

በፋብሪካ፦ ላይኑን አጽድቶ ለሚቀጥለው ሽፍት የሚያስረክበውን፣ አዲስ የተቀጠረችውን ልጅ ሳይታዘዝ የሚያለማምደውን፣ ማሽን ሳይሰበር ድምፁን ሰምቶ መካኒክ የሚጠራውን እዩ። ያልደረሰ ብልሽት ሪፖርት ላይ አይጻፍም። ስለዚህ እናንተ ካላያችሁት ማንም አያየውም።

በቢሮ፦ ከሩቅ ቀበሌ የመጡ አባት «ነገ ይመለሱ» ሳይባሉ ፋይላቸው ተፈልጎ ተገኝቶ ከሆነ፣ ማን እንደፈለገው ጠይቁ። ለእኒያ አባት አንድ ቀን ማዳን ማለት የመኪና ኪራይ፣ የምሳና የአልጋ ወጪ ማዳን ነው።

የምታመሰግኑት ሥራ የማን እንደሆነ ሳታጣሩ አትናገሩ። ሪፖርቱን ያቀረበው ሰው ሁልጊዜ ሥራውን የሠራው ሰው አይደለም። ሁለት ሰው ለየብቻ ጠይቁ፦ «ይህን ማን ነበር የያዘው?» በሉ። ሁለቱ የተለያየ ስም ከጠሩ፣ ሁለቱም የተጠሩት ሠርተው ይሆናልና የእያንዳንዱን ድርሻ ለይታችሁ ጻፉ። የሌላ ሰው ላብ ለማይገባው ሰው ከሰጣችሁ ከዚያ በኋላ የምትናገሩት ምስጋና ሁሉ አይታመንም።

## ደረጃ 3፦ ዓረፍተ ነገሩን አዘጋጁ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ቆም ብላችሁ ሥሩት።

ምስጋናችሁ አራት ነገር ይኑረው፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. ስሙን ወይም መጠሪያውን።
2. ያደረገውን፣ ከቀኑ ጋር።
3. በዚያ የተነሳ ማን ምን እንደተጠቀመ።
4. ምስጋናውን።

«ጎበዞች ናችሁ፣ በርቱ» ከአራቱ አንዱንም አልያዘም። ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ለጽዳት ሠራተኛ፦ «እትዬ እከሊት፣ ማክሰኞ ማንም ሳይነግርዎት የፈተናውን ክፍል ወንበር ደርድረው ጠበቁን። ፈተናው በሰዓቱ ተጀመረ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ለማሽን ሠራተኛ፦ «እከሌ፣ ትናንት ማታ ማሽኑ ድምፁ ሲቀየር ወዲያው አቁመህ መካኒክ ጠራህ። የጠዋቱ ሽፍት ሥራ ሳይፈታ ቀጠለ። በጣም አመሰግናለሁ።»

ለተማሪ፦ «እከሊት፣ ባለፈው የሳትሽውን ዓይነት ጥያቄ ዛሬ አገኘሽው። ደብተርሽ ላይ ሦስት ጊዜ ሰርዘሽ እንደሞከርሽው አይቻለሁ። አጠገብሽ ያለችውም ከአንቺ አይታ ገባት። አመሰግናለሁ።»

ለባልደረባ መምህር፦ «ቲቸር፣ ሐሙስ ታምሜ ስቀር ክፍሌን ያዝክልኝ። ልጆቹ ምዕራፉን ጨርሰው ጠበቁኝ። ውለታህን አልረሳም።»

ዓረፍተ ነገሩን ስታዘጋጁ ከእነዚህ ተጠንቀቁ።

«ግን» አትበሉ። «ጥሩ ሠርተሃል፣ ግን ብታረፍድ ደስ አይለኝም» ካላችሁ የሚሰማው ሁለተኛውን ብቻ ነው። የምትገሥጹት ነገር ካለ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ይሁን።

አታወዳድሩ። «ከእነ እከሌ አንተ ትሻላለህ» ማለት አንዱን ስታነሱ ሌላውን መጣል ነው። ወሬው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይደርሰዋል።

ተፈጥሮውን ትታችሁ ሥራውን አመስግኑ። ይህ በተለይ ለመምህራን ነው። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. የ5ኛ ክፍል ልጆችን ጥያቄ አሠርተው ከፊሎቹን «ጭንቅላት አለህ» ብለው፣ ከፊሎቹን «ብዙ ለፍተሃል» ብለው አመሰገኗቸው። ከዚያ ከባድ ጥያቄ ሰጧቸው። ብዙዎቹ ወደቁ። በኋላ እንደ መጀመሪያው ቀላል ጥያቄ ሲሰጣቸው፣ በጭንቅላታቸው የተመሰገኑት ውጤታቸው ቀነሰ፤ በልፋታቸው የተመሰገኑት ጨመሩ። ምክንያቱ አይከብድም። በጭንቅላቱ የተመሰገነ ልጅ ሲወድቅ ጭንቅላት እንደሌለው ያስባል። በልፋቱ የተመሰገነው ግን ሲወድቅ መጨመር ያለበትን ያውቃል። ስለዚህ «ጎበዝ» ማለት ልማድ ከሆነባችሁ ተዉት አልልም፤ ከኋላው ግን ምክንያቱን አስከትሉ።

ሴት ባልደረባን ስታመሰግኑ ስለ ሥራዋ ተናገሩ። በየስብሰባው ሴቶቹ ለቡናውና ለመስተንግዶው፣ ወንዶቹ ለዕቅዱና ለሪፖርቱ ሲመሰገኑ እሰማለሁ። ያቺው ቡና ያፈላችው ሴት የሩብ ዓመቱን ሒሳብ ዘግታ ይሆናል። እሱን አንሱ።

## ደረጃ 4፦ ጊዜና ቦታ ምረጡ

ጊዜው፦ በዚያው ቀን፣ ካልሆነ በዚያው ሳምንት። ከወር በኋላ የሚመጣ ምስጋና ሌላ ነገር ተፈልጎ የመጣ ይመስላል።

ቦታው፦ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ለብቻው ንገሩት። በሰው ፊት መመስገን የሚከብደው ብዙ ነው። በተለይ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች ሰልፍ ላይ ስማቸው ሲጠራ ይሸማቀቃሉ፤ ጓደኞቻቸው ይቀልዱባቸዋል። በሰው ፊት ለማድረግ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት፦ «ሰኞ ሰልፍ ላይ ላንሳው ወይስ በእኛ መሐል ይቅር?» መልሱን አክብሩ።

በባንዲራ ሰልፍ ላይ የምታመሰግኑ ከሆነ ከሁለት ሰው አይብለጥ። በደብረ ብርሃን፣ በአንኮበርና በመንዝ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ነው። ነጠላ ጫማ አድርጎ የቆመ ልጅ ሃያ ስም እስኪነበብ ቢጠብቅ የሚያስበው ስለ እግሩ ነው። በሸዋ ሮቢት ቆላ ደግሞ ፀሐዩ ነው የሚያስቸግረው። ረጅም ዝርዝር ካላችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ።

የማታ ሽፍት ላይ ያሉትን ለማመስገን እናንተ በሰዓታቸው ሂዱ። የጠዋት ስብሰባ ላይ ስማቸው ሲነሳ እነሱ ተኝተዋል።

## ደረጃ 5፦ ንገሩት

1. እናንተ ወደ እሱ ሂዱ። «ቢሮ ትፈለጋለህ» ብላችሁ አታስጠሩት። የተጠራ ሰው እስኪደርስ ድረስ ጥፋቱን ሲፈልግ ነው የሚመጣው።

2. እንደ ወጉ ሰላምታ ስጡ። በዕድሜ የሚበልጣችሁን፣ የበታች ሠራተኛ ቢሆንም፣ «እርስዎ» በሉ። ኃላፊ ስለሆናችሁ ብቻ ጥበቃውን ጋሼን «አንተ» ብላችሁ ብታመሰግኑ ምስጋናው ስድብ ይሆናል።

3. ያዘጋጃችሁትን ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። አታንብቡ።

4. ዝም በሉ። የሚከብደው ይህ ነው። ዝምታውን ለመሙላት ብላችሁ ማጋነን አትጀምሩ።

5. እሱ «ኧረ ምን አደረግኩ!» ወይም «ሥራዬ አይደል?» ይላል። ይህ ጨዋነት ነው፤ አልፈለገውም ማለት አይደለም። አትከራከሩት። «ሥራህ ቢሆንም አይቼዋለሁ» ብላችሁ ጨርሱ። «እግዜር ይስጥልኝ» ስትሉ «አብሮ ይስጠን» ካሉ ምስጋናው ደርሷል። በቀወት ወይም በኤፍራታና ግድም ሙስሊም ባልደረባችሁን «አላህ ይስጥልኝ» ብትሉት ይበልጥ ይቀርበዋል።

6. ሂዱ። በዚያው ቅጽበት ሥራ አትዘዙ፣ ውለታ አትጠይቁ። «በነገራችን ላይ ቅዳሜ ትገባልኛለህ?» ካላችሁ ሁሉም ነገር እዚያው ፈረሰ። ሰውየው በሚቀጥለው ጊዜ ስታመሰግኑት «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ይላል።

«ፊት ለፊት ማመስገን ሽንገላ ይመስልብኛል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይህ ስሜት በእኛ ዘንድ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ፍርሃቱ ከእውነታው ይበልጣል። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን የምስጋና ደብዳቤ አስጽፈው ነበር። ጸሐፊዎቹ ተቀባዩ ያፍራል ብለው ከገመቱት በታች ነው ተቀባዩ ያፈረው፤ ደስታው ደግሞ ከገመቱት በላይ ነበር። ሽንገላ የሚሆነው ያልተደረገውን ስትናገሩ ነው። የተደረገውን ከነቀኑ ከተናገራችሁ ሽንገላ አይደለም።

## ደረጃ 6፦ በወረቀት ሲሆን

ለትልቅ ሥራ ደብዳቤ ጻፉ። ለመንግሥት ሠራተኛ በግል ማኅደሩ ውስጥ የገባ የምስጋና ደብዳቤ ለዓመታት አብሮት ይኖራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄው ብዙ አይደለም፤ ግን መዝለል የለበትም።

1. ቀንና የደብዳቤ ቁጥር ይኑረው።
2. ሙሉ ስሙን እስከ አያት ድረስ ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት ፊደሉን ራሱን ጠይቁት። «ኃይሉ» እና «ሐይሉ» ለእናንተ ልዩነት ላይኖረው ይችላል፤ ለባለቤቱ አለው።
3. ሥራውን በደረጃ 3 መሠረት በሁለት ሦስት መስመር አስቀምጡ። «ላሳዩት መልካም ሥነ ምግባርና ትጋት» የሚለውን ከሌላ ደብዳቤ አትገልብጡ።
4. ፈርሙበት፣ ማኅተም አስደርጉበት።
5. ከታች «ግልባጭ፦ ለግል ማኅደር» ብላችሁ፣ ግልባጩ በእርግጥ መግባቱን ሄዳችሁ አረጋግጡ። ብዙ ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀረው እዚህ ነው።

## ደረጃ 7፦ ሽልማት ወይም ሻይ ካለ

ሽልማቱን አስቀድማችሁ አታውጁ። ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ከፊሎቹን «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ታገኛላችሁ» ብለው አሣሏቸው። ለሌሎቹ ሳይነገራቸው በኋላ ሰጧቸው። ከቀናት በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ሲታዩ፣ ተስፋ የተሰጣቸው ልጆች የመሣል ፍላጎታቸው ቀንሶ ነበር። ሳይጠብቁ ያገኙት ግን አልቀነሰባቸውም። ልጆቹ ለሽልማት ብለው እንዲያነቡ ካደረጋችኋቸው ሽልማቱ ሲያልቅ ንባቡም ያልቃል።

ለተማሪ ደብተር፣ እስክሪብቶ ወይም መዝገበ ቃላት ከዋንጫ ይሻላል።

ሻይና ዳቦ ካዘጋጃችሁ ቀኑን ተመልከቱ። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ወይም ዐቢይ ጾም ከገባ የጾም ይሁን። ረመዳን ከሆነ ወደ ማታ አድርጉት ወይም ሌላ ወር አቆዩት። ግማሹ ሠራተኛ ቆሞ የሚያይበት ግብዣ የምስጋና ግብዣ አይደለም።

ገንዘብ ከሆነ ግን መስፈርቱ፣ መጠኑና የመረጡት ሰዎች ከመሰጠቱ በፊት ይታወቁ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ገንዘቡን ተዉት።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ስም ከተዘለለ፦ በዚያው ቀን ሄዳችሁ ንገሩት። «ስምህን ዘለልኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» በሉ። በጸሐፊዋ ወይም በኮምፒውተር አታሳብቡ። ስሞቹ በሰው ፊት ተነብበው ከነበረ የእሱንም በሰው ፊት አንብቡ። በጓሮ የሚሰጥ ማካካሻ ቅሬታውን አይሽርም።

ለተሳሳተ ሰው ከተሰጠ፦ የተመሰገነውን ሰው ሳታዋርዱ አስተካክሉ። በመጀመሪያ ለብቻው አነጋግሩት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ «አዎ፣ እከሌም ነበረችበት» ይላል። ከዚያ በሚቀጥለው ስብሰባ የእሷን ድርሻ ለይታችሁ ጥሩ።

«በምስጋና ዳቦ አይገዛም» ካለ፦ አትቆጡ። እውነቱን ነው። ኑሮው እየከበደ ደመወዙ ያው ነው። «ልክ ነህ» በሉትና የያዘው ጉዳይ ካለ፣ የዘገየ የደረጃ ዕድገትም ይሁን ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ እናንተ ተከታተሉለት። ይህን ሳያደርጉ በየሳምንቱ ማመስገን ሰውየውን ይበልጥ ያናድደዋል።

«ተወዳጅ አለው» የሚል ወሬ ከተነሳ፦ ደብተሩን ክፈቱና ቁጠሩ። አንድ ስም አጠገብ ስድስት ጊዜ፣ ሌላው አጠገብ ዜሮ ከሆነ ወሬው እውነት ነው። ለቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት አምስቱን ስሞች ከዜሮዎቹ ብቻ ምረጡ።

አንድ ሰው ላይ ምንም የሚመሰገን ነገር ካጣችሁ፦ ሥራው ላይ ሂዱና ግማሽ ቀን አብራችሁት ዋሉ። ከዚያም ካጣችሁ ዝም በሉ። የፈጠራ ምስጋና አትስጡት። ምናልባት የተመደበበት ቦታ የማይመጥነው ይሆናል፤ ስለዚያ አነጋግሩት።

ወላጅ ከተጠራጠረ፦ ወላጅ ከትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ ስለሆነ «ልጅዎን በተመለከተ» የሚል መልእክት ሲደርሰው ይደነግጣል። መጀመሪያ «ጥፋት የለም፣ ለምስጋና ነው» ብላችሁ ጀምሩ። ከሩቅ የሚመጣ ወላጅ ከሆነ አትጥሩት፤ በስልክ ወይም በገበያ ቀን በሚመጣ ጎረቤት ላኩበት።

## በወሩ መጨረሻ

ባዶ የቀሩትን ስሞች ቁጠሩ። 60 ተማሪ ያለው ክፍል በሳምንት አምስት አምስት ቢያዝ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ ስለዚህ በአንድ ሴሚስተር ሁሉም ይዳረሳል። ሁለት ሳምንት ካመለጣችሁ እንደገና ከመጀመሪያው አትጀምሩ፤ ካቆማችሁበት ቀጥሉ።

ዝውውር ከደረሳችሁ ወይም ክፍል ከቀየራችሁ ደብተሩን ለተተኪያችሁ አስረክቡ። በርክክብ ቅጹ ላይ ከቁልፉና ከንብረቱ ጋር አስመዝግቡት፤ ባዶ የቀሩትንም ስሞች በቀይ አክብቡለት።